የ11 ሰዓቶቹን ሠራተኞች ሰነፍ አትበሏቸው

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ከቁጥር 1 እስከ 16 ያለውን የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ያልሰበከ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት በወሎ ማግኘት ይቸግራል። ታሪኩ አጭር ነው፤ ለማስታወስም አይከብድም። ባለቤቱ ማለዳ ወጥቶ በቀን አንድ ዲናር ተስማምቶ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት እየወጣ ሌሎችን ይጨምራል፤ ሲመሽ ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር ይከፍላል፤ ማለዳ የገቡትም ያንጎራጉራሉ። ጀማሪ ሰባኪዎችን ሳሠለጥን የምሰማቸው ስህተቶች ግን ምሳሌውን የራሱን ተቃራኒ ያናግሩታል።

የመጨረሻዎቹን ሰነፍ ማድረግ

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ይህ ነው። «ቀኑን ሙሉ ተኝተው የዋሉ፣ በዋዛ ፈዛዛ ጊዜያቸውን የጨረሱ» እየተባለ ይሰበካል። ከየት መጣ? ባለቤቱ «ሥራ ፈትታችሁ ቀኑን ሁሉ በዚህ ስለ ምን ትቆማላችሁ?» ሲላቸው የሰጡት መልስ «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» የሚል ነው። ባለቤቱ አልተከራከራቸውም፤ አምኖ ላካቸው። ባለቤቱ ያመነውን ሰባኪው የሚጠራጠረው በምን ሥልጣኑ ነው?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ሲሳሳተው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል። የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመት ከደላንታ፣ ከመቄት፣ ከወረኢሉ ደጋ ወደ ከተማ የሚወርደው ገበሬ ገና ሳይነጋ አካፋውን ይዞ አደባባይ ይቆማል። ካቦው ይመጣና ትከሻው የሰፋውን ወጣት መርጦ ይሄዳል። ረፋድ ላይ ሌላው መጥቶ ከቀሩት ጠንከር ያሉትን ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ሽማግሌው፣ ከሲታው፣ እጁ የተጎዳው፣ ማንም የማያውቀው እንግዳ ነው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ገብቶ በተኛ ነበር። ሊመሽ አንድ ሰዓት ሲቀረው አደባባይ ላይ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲናቅ ውሎ እንኳ ተስፋ ያልቆረጠ ነው።

በአንድ የማታ ጉባኤ ላይ አንድ ወጣት «እነዚያ ሰነፎች» እያለ ሲያወርድባቸው ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ሰምተው ነበር። ጉባኤው ሲያበቃ ቀረብ ብለው «መምህር፣ እኔም ዛሬ ከማለዳ ጀምሬ ቆሜ ውያለሁ፤ የጠራኝ የለም። ጌታም እንደ ካቦው ይንቀኛል ማለትዎ ነው?» አሉት። ወጣቱ መልስ አጣ። ለእኒህ ሰው የተነገረውን የምሥራች ከእጃቸው ነጥቆ ለሌላ ሰጥቶት ነበር። የተናቀ ሰው ይህን ምሳሌ ሲሰማ ቀና ማለት አለበት እንጂ እንደገና አንገቱን መድፋት የለበትም።

ሰዓቱን መቀየር

ከውጭ አገር ስብከት የሚገለብጡ ወጣቶች «11 ሰዓት ማለት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው» ይላሉ፤ እባካችሁ ተዉት፤ የወንጌሉ ሰዓት ከፀሐይ መውጫ እንደሚቆጠረው እንደ እኛው ሰዓት ነው፣ 11ም የእኛው 11 ሰዓት ነው።

ዲናሩን የብቃት መለኪያ ማድረግ

ዲናር የሮማውያን የብር ሳንቲም ሲሆን የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። ለመጨረሻዎቹ በሰዓት ተሰልቶ ቢከፈላቸው የሚደርሳቸው የዲናር አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው፤ በዚያ ደግሞ ልጆች እራት በልተው አያድሩም። ኦሪት ዘዳግም 24፥15 የድኻው ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ በቀኑ ይሰጠው ይላል። ባለቤቱ ማታውኑ የከፈለው እንደዚሁ ሕግ ነው፤ ሙሉውን ዲናር የሰጠው ግን ከቸርነቱ ነው። አባቶች ዲናሩን በዘላለም ሕይወት ተርጉመውታል። የዘላለም ሕይወት ደግሞ ለአንዱ ሩብ፣ ለሌላው ግማሽ ተብሎ አይቆረስም።

ስለዚህ አንድ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ያለው ዋጋ ማኅሌት በቆመበት ዓመት ወይም በጾማቸው ቀናት ብዛት አይሰላም። ዋጋውን የሚሰጠው የጠራው ጌታ ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ «እንግዲህ ሥራ ከንቱ ነው» እንዳትሉ ደግሞ አደራ! የ11 ሰዓቶቹም ወደ አትክልቱ ገብተው ሠርተዋል።

ከምዕራፍ 20 መጀመር

ምሳሌው መልስ ነው። ጥያቄው ያለው በ19፥27 ላይ ነው፤ ጴጥሮስ «እነሆ፥ እኛ ሁሉን ትተን ተከተልንህ፤ እንኪያስ ምን እናገኝ ይሆን?» ብሎ ጠይቋል። ጌታ አልገሠጸውም፤ መቶ እጥፍና የዘላለም ሕይወት እንዳለ ነገረው፤ ቀጥሎ ግን ይህን ምሳሌ አመጣ። ይህን የዘለለ ሰባኪ አንጎራጓሪዎቹን ሁልጊዜ ሩቅ አገር ይፈልጋቸዋል። ጥያቄው የመጣው ከቅርብ ሰው፣ ከሐዋርያ አፍ ነው። ዛሬም «ወይስ እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?» የሚለው የባለቤቱ ቃል የሚመለከተው በቤቱ ብዙ ያገለገለውን፣ በአዲሱ ንስሐ ገቢ ላይ ፊቱን የሚያጠቁረውን ነው።

በጎረቤት ላይ ጣት መቀሰር

ፊተኞቹን በእስራኤል፣ ኋለኞቹን በአሕዛብ መተርጎም ከጥንት የነበረ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በወሎ ጉባኤ ላይ «እኛ ዲናሩን የተቀበልን፣ እነርሱ የተከለከሉ» ብሎ ሰፈር መክፈል ግን ሌላ ነገር ነው። በምሳሌው ዲናር የተከለከለ አንድም ሠራተኛ የለም። በአንድ ቤት ክርስቲያንና ሙስሊም ወንድማማቾች በሚኖሩበት በዚህ አገር፣ ሰባኪው ጎረቤቱ ተመሳሳይ ታሪክ እንዳለውም ቢያውቅ ጥሩ ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ንግግሮች (ሐዲሶች) በተሰበሰቡበት በሳሒሕ አል ቡኻሪ በሚገኝ ሐዲስ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ከቀትር እስከ ዐስር (የከሰዓት በኋላው የሶላት ሰዓት) የሠሩት አንድ አንድ ቂራጥ (አነስተኛ የክፍያ መለኪያ)፣ ከዐስር እስከ ፀሐይ መግቢያ የሠሩት ሁለት ሁለት ቂራጥ ይቀበላሉ፤ ፊተኞቹም ያጉረመርማሉ። ትርጓሜው ከእኛ ይለያል። ሆኖም ብዙ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የምትሰብኩትን ታሪክ ገና ስትጀምሩት ያውቁታል፤ በአክብሮት ተናገሩ።

እያንዳንዱን ዕቃ መተርጎም

አዛዡ ማን ነው፣ አደባባዩ ምንድን ነው፣ ትኩሳቱ ምን ያመለክታል እያሉ ጉባኤውን ማድከም አያስፈልግም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህንኑ ክፍል ሲተረጉም ምሳሌን ቃል በቃል አትመርምሩ፣ የተነገረበትን ዓላማ ያዙ ብሏል።

«እኔም በ11 ሰዓት እገባለሁ»

ይህን ወጣቶች ይጠይቁኛል፤ ጥያቄውን እወደዋለሁ፣ ቢያንስ ምሳሌውን አዳምጠዋል። የ11 ሰዓቶቹ በ3 ሰዓት ተጠርተው «ቆይ፣ በኋላ» ያሉ አይደሉም። ሲጠሩ ወዲያው ሄዱ። ፈያታዊ ዘየማንም፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ቀድሞ ተጠርቶ እንቢ እንዳለ የተጻፈ ነገር የለም። ለመጣ ሁሉ ዲናሩ ተዘጋጅቷል፤ እስከ 11 ሰዓት እንደሚኖር ግን ለማንም ቃል አልተገባለትም። እንዲህ የሚል ወጣት ሲገጥማችሁ አትቆጡት። ቁጥር 6 እና 7ን አብራችሁት አንብቡና «አንተን የጠራህ በስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።