ቅዳሜ ገበያ ላይ ጆሮ መጣል

ሰው እንዴት እንደሚናገር ለማወቅ «እንዴት ትናገራለህ?» ብለህ አትጠይቅ። ወዲያው ንግግሩን ያሳምርልሃል። አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊሊያም ላቦቭ በ1962 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ መደብር እየገባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ዕቃ የት እንደሚገኝ ሻጮቹን ይጠይቅ ነበር። ከዚያ እንዳልሰማ ሆኖ ያስደግማቸዋል። የፈለገው ዕቃውን አይደለም፤ በእንግሊዝኛ «ፎርዝ ፍሎር» (አራተኛ ፎቅ) ሲሉ የ«ር»ን ድምፅ ያሰሙ ወይም ይውጡ እንደሆነ ለመስማት ነው።

እኔ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የምከታተለው «አንቱ»ን ነው። ሽንኩርት ሻጯ አጠገብ ተራ እጠብቃለሁ። ለሽማግሌው «አንቱ፣ ስንት ኪሎ ልመዝንልዎ?» ትላለች። ለእኔ «አንተስ?» ብቻ። ማን፣ ለማን፣ በግምት ስንት ዓመቱ፣ ቃሉ ራሱ፦ ይኸው ነው የሚጻፈው። ግን ዞር ብለህ ጻፍ። አንዴ ፊቷ ደብተር ባወጣ ግብር ሰብሳቢ መሰልኳትና ጭጭ አለች። ድምፅ መቅረጽ ካማረህ ግን አስቀድመህ አስፈቅድ።