በአርኤስኤል3 አልሞት ያለ የካንሰር ሕዋስ፦ የኤፍኤስፒ1ን መከላከያ በላብራቶሪ ማፍረስ

አርኤስኤል3 የተባለውን ሕዋስ ገዳይ ውህድ ጨምራችሁ በማግስቱ ሕዋሶቹ ከፕሌቱ ወለል ጋር ተጣብቀው፣ ዳራቸው ጥርት ብሎ ካገኛችኋቸው መጠኑን ለመጨመር አትቸኩሉ። ማወቅ ያለባችሁ በምን እንደተረፉ ነው።

ፌሮፕቶሲስ የተባለው ሞት (ስሙ የወጣለት በ2012 ነው) በብረት እየተነዳ የሕዋስ ሽፋን ስብ በኦክሳይድ ሲበላሽ ይመጣል። የተበላሸውን ስብ በግሉታቲዮን እየታገዘ የሚጠግነው ጂፒኤክስ4 የተባለው ኤንዛይም ሲሆን አርኤስኤል3 የሚያሰናክለውም እሱን ነው። በ2019 ግን በሙኒክና በበርክሊ ያሉ ሁለት ቡድኖች ሌላ ጠባቂ አገኙ፦ ኤፍኤስፒ1። ይህ ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ተለጥፎ ኮኤንዛይም ኪው10ን ስለሚያድስ የኦክሳይዱ ሰንሰለት ይቆረጣል። የሳንባ ካንሰሩ ኤ549 በዚህ መንገድ ይቋቋማል። ኤችቲ-1080 የተባለውን ሌላ የካንሰር ሕዋስ በቀላሉ የሚሞት ማነጻጸሪያ አድርጋችሁ ጎን ለጎን አስኪዱ።

ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ውሰዱ። የዳር ጉድጓዶች ስለሚተኑ ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ብቻ ሙሏቸው፤ ለሥራ 60 ይቀራሉ። በእያንዳንዱ 3,000 ሕዋስ በ100 ማይክሮሊትር ዝሩና 24 ሰዓት አቆዩ።

1 ሚሊግራም አርኤስኤል3 በ227 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) ሲሟሟ 10 ሚሊሞላር ይሆናል። ከዚያ 10 ማይክሮሊትሩን በ20 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ እያቀጠናችሁ ዘጠኝ ደረጃ አውጡ (ያልቀጠነው የመጀመሪያው ነው)፤ አሥረኛው ባዶ ዲኤምኤስኦ ነው። ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ሚዲያ (የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ) አዘጋጁ። በአንዱ 6 ሚሊሊትር ውስጥ 3.6 ማይክሮሊትር የ10 ሚሊሞላር አይኤፍኤስፒ1 (ኤፍኤስፒ1ን የሚያግድ ውህድ)፣ በሌላው ያንኑ ያህል ዲኤምኤስኦ ጨምሩ። ከየሚዲያው 499 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ ከየደረጃው 1 ማይክሮሊትር ቀላቅሉበትና ሕዋሱ ላይ 100 ማይክሮሊትር ጨምሩ። በመጨረሻ ትልቁ አርኤስኤል3 10 ማይክሮሞላር፣ አይኤፍኤስፒ1 3 ማይክሮሞላር፣ ዲኤምኤስኦ 0.13 በመቶ ይሆናል። ሦስት ረድፍ ለአርኤስኤል3 ብቻ፣ ሦስት ረድፍ ለሁለቱ ጥምር ይበቃል።

በማግስቱ የተረፉትን ሕዋሶች ከመለካታችሁ በፊት በማይክሮስኮፕ እዩ። በፌሮፕቶሲስ የሚሞት ሕዋስ ክብ ይሆናል፤ ቀስ በቀስ እንደ ፊኛ ያብጥና ይፈነዳል። ጥምሩ የሠራ እንደሆነ የኤ549 የሞት መስመር ወደ ዝቅተኛው መጠን ይሸሻል።

መስመሩ መሸሹ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በሌላ ፕሌት ጥምሩ ላይ 2 ማይክሮሞላር ፌሮስታቲን-1 (የፌሮፕቶሲስ ማገጃ) ጨምሩ፤ ሕዋሱ መዳን አለበት። የአፖፕቶሲስ (የሌላ ዓይነት የሕዋስ ሞት) ማገጃው ዜድ-ቫድ-ኤፍኤምኬ ግን ሊያድነው አይገባም። ፌሮስታቲን ካላዳነው ያያችሁት ተራ መርዝነት ነው፤ ይህን ፈተና የዘለለ ውጤት አንቀበልም። አይኤፍኤስፒ1 ብቻውን የተሰጠው ጉድጓድም (የጥምሩ አሥረኛ ደረጃ) ከሞተ መጠኑ በዝቷል፣ ሌላ ነገር እየነካ ነው።

በጣም የሚያሳስተው የሕዋስ ብዛት ነው። ፕሌቱን የሞሉ፣ እርስ በርስ የተነካኩ ሕዋሶች ለፌሮፕቶሲስ እልኸኛ ይሆናሉ፤ ዛሬ 3,000 በሚቀጥለው ሳምንት 10,000 ብትዘሩ ሁለት የተለያየ መድኃኒት የሞከራችሁ ይመስላል። ሴረምም እንዲሁ ነው፦ ሴሊኒየም ስለሚይዝ ጂፒኤክስ4ን ያበረታል፤ ስለዚህ አንዱን ጠርሙስ ለሙሉ ሙከራው አስቀምጡ። የአይጥ ሕዋስ ላይ አይኤፍኤስፒ1 አይሠራም፤ የሚይዘው የሰውን ፕሮቲን ነው። አርኤስኤል3 ስትገዙም 1ኤስ፣3አር የተባለው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። በአርኤስኤል3 ፋንታ ሲስቲን ወደ ሕዋሱ የሚገባበትን መንገድ የሚዘጋውን ኢራስቲን ከተጠቀማችሁ ሚዲያው ቤታ-መርካፕቶኤታኖል እንዳይኖረው፤ የተዘጋውን የሲስቲን መግቢያ አልፎ ሕዋሱን ይመግበዋል።

የስቡን ኦክሳይድ ለማየት ቦዲፒ ሲ11 የተባለውን ቀለም በ2 ማይክሮሞላር ጨምራችሁ ለ30 ደቂቃ አቆዩና በፍሎው ሳይቶሜትር ከቀይ ወደ አረንጓዴ መዞሩን ለኩ። ጊዜው ከመድኃኒቱ በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ሕዋሶቹ ከፈነዱ በኋላ የምትለኩት ሬሳ ነው።

መድኃኒት ሌላም ነገር ሊነካ ስለሚችል ማረጋገጫው ዘረ-መል ላይ ነው። የኤፍኤስፒ1ን ዘረ-መል ኤአይኤፍኤም2ን በክሪስፐር ቁረጡ፤ ኤ549 ያለ አይኤፍኤስፒ1ም በአርኤስኤል3 በቀላሉ መሞት አለበት። ከዚያ ጤነኛውን ኤፍኤስፒ1 መልሱ፣ በሌላ ምድብ ደግሞ ግላይሲን 2 (የፕሮቲኑ ሁለተኛ አሚኖ አሲድ) የተቀየረበትን። የመጀመሪያው መከላከያውን ይመልሳል፤ ሁለተኛው ሽፋኑ ላይ መለጠፍ ስለማይችል አይመልስም።