ሐዋሳ ላይ አካል ጉዳተኛ ልጅ የምታሳድጉ፣ ቀበሌ ከመሄዳችሁ በፊት

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ልጁን ቤት ውስጥ ለሚንከባከብ ወላጅ ተብሎ በየወሩ የሚከፈል የመንግስት አበል እኛ አገር የለም። ያለው ድጋፍ የተበታተነ ነው። ቀበሌ ትንሽ አለ፣ ጤና ጣቢያ ትንሽ አለ፣ ፍርድ ቤትም የሚያስኬድ ጉዳይ አለ። ማንም ሰብስቦ አይሰጣችሁም፣ እየዞራችሁ የምትለቅሙት እናንተው ናችሁ።

ወረቀት ይቅደም። የልደት ምስክር ወረቀቱን ካላወጣችሁ ከሱ ጀምሩ። ቀጥሎ የሐኪም ማስረጃ ነው፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሐኪሙ «ሴሬብራል ፓልሲ» ብሎ የበሽታውን ስም ብቻ ከጻፈ፣ ወረቀቱን የሚቀበለው የቀበሌ ሰራተኛ ምን ሊረዳ ይችላል? ልጁ ራሱን ችሎ እንደማይቀመጥ፣ ሰው ካላጎረሰው እንደማይበላ፣ ሽንት ቤት ብቻውን እንደማይሄድ፣ ቀን ከሌት ሰው አጠገቡ መኖር እንዳለበትና ይህም ለረጅም ጊዜ የሚቀጥል መሆኑን እንዲጽፍላችሁ በትህትና ጠይቁ። ማህተሙንም እዚያው ሳላችሁ እዩት፤ ልጅ ታቅፎ፣ ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ለማህተም መመለስ ያንገበግባል። ኮፒ አብዙ። ዋናውን ለማንም አታስረክቡ።

አሁን ወደ ቀበሌ፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ከተማው ማህበራዊ ጉዳይ። የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግስት ድጋፍ ፕሮግራም፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳ አንዷ ነበረች። ፕሮግራሙ ሁለት መስመር አለው፦ መስራት የሚችል ሰው ሰርቶ ይከፈለዋል፣ መስራት ለማይችል ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ብዙ እናቶች የሚወድቁት በሁለቱ መሃል ነው። እናትየው ጤነኛ ናት፣ ስለዚህ «መስራት ትችላለች» ተብላ ትመዘገባለች፣ ልጁን ማን ይያዘው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ሳትጠየቁ እናንተ ተናገሩ፣ በጽሁፍም አድርጉት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ ራሱን ችሎ አይቀመጥም፤ የሚይዝልኝ ሰው ስለሌለ ትቼው ስራ መውጣት አልችልም። ቤተሰባችን በቀጥታ ድጋፍ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።» አጭር ይበቃል፣ የሶስት ገጽ ልመና አያስፈልግም።

ከፈለጋችሁ የሕገ መንግስቱን አንቀጽ 41(5) ጥቀሱ፣ ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ማድረግ የመንግስት ኃላፊነት ነው ይላል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትል ሐረግም አለችበትና እሷን መልሰው ቢያነቡላችሁ አትደንግጡ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 28 ደግሞ በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን በግልጽ ያነሳል፣ የገንዘብ እርዳታንና ለተንከባካቢው ፋታ የሚሰጥ አገልግሎትንም ጨምሮ።

ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ አስጽፉ። በቃል የጠየቃችሁት እንዳልጠየቃችሁት ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትባሉ ቁጥሩን ይዛችሁ ተመለሱ። በምልመላው ሳትመረጡ ከቀራችሁም ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውን ጠይቁ።

ጤና መድህን ቀላሉ ነው። ቋሚ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ይታቀፋል፣ መክፈል የማይችሉ ተብለው የተለዩትን መዋጮ መንግስት ይሸፍናል፣ ለዚህም የቀበሌ ዝርዝር ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ህክምናውን ከጤና ጣቢያ ጀምሩና በሪፈር ሂዱ። ዘላችሁ ሪፈራል ሆስፒታል ብትገቡ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆናችሁ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለከባድና ለተለየ ሁኔታ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣችኋል፣ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ፣ ያውም ያለ ደመወዝ። ሁሌ ሐኪም ቤት ለሚመላለስ ወላጅ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ቢሆንም መብት ነውና ልጁ ሲታመም ዝም ብላችሁ አትቅሩ፣ በጽሁፍ ጠይቁበት።

ብዙ ሰው የሚረሳው 18 ዓመትን ነው። ልጁ 18 ሲሞላው በሕግ አዋቂ ነው፣ የወላጅነት ውክልናችሁም በዚያው ያበቃል። ጉዳዩን ራሱ መወሰን የማይችል ከሆነ ዘመድ ሆናችሁ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሰረት ፍርድ ቤት የክልከላ ውሳኔ (ጉዳዩን ራሱ እንዳይፈጽም የሚያግድ) እና ሞግዚት (በሕግ የሚወክለው ሰው) እንዲሰጠው ማመልከት ትችላላችሁ። ከባድ እርምጃ ነው፣ ልጁ በራሱ ስም የሚያደርገውን ሁሉ ይገድባልና አስቡበት። ካመለከታችሁ ግን ፍርድ ቤቱም የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል፣ የያኔው ወረቀት አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ቀድማችሁ አሳድሱት።