ካሜራን ቴሌስኮፕ ላይ ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካሜራውን ቴሌስኮፕ ላይ የሰቀለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈራው እንዳይወድቅበት ነው። ዋጋውን ለሚያውቅ ፍርሃቱ አይገርምም። ግን ካሜራ የሚወድቀው ከስንት አንዴ ነው። ፎቶውን የሚያበላሸው በዓይን የማይታይ መላላት ነው። የትኩረት ርቀቱ 1000 ሚሊ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ፣ ካሜራው የፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል ዝቅ ቢል ኮከቡ ከአንድ ፒክስል በላይ ይንሸራተታል። ነጥብ መሆን የነበረበት ሰረዝ ይሆናል። ስለዚህ "ነካ አድርጌ አየሁት፣ አይነቃነቅም" የሚለው ፍተሻ ለሰማይ ፎቶ አይበቃም።

እምቢ ያለውን ጥርስ በጉልበት ማዞር

ብዙ የሚያስከፍለው ስህተት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላውራበት። የካሜራው ሌንስ ይወልቅና በቦታው ቲ-ሪንግ የሚባል የብረት ቀለበት ይገባል። አንዱ ጎኑ እንደ ካሜራው ዓይነት ይለያያል፤ የካነኑ ኒከን ላይ አይገባም። ሌላው ጎን ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 0.75 ሚሊ ሜትር።

ችግሩ፣ ሌላም ባለ 42 አለ። የድሮ የፔንታክስና የፕራክቲካ ሌንሶች ስፋታቸው ያው 42 ነው፤ የጥርሳቸው ርቀት ግን 1 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን መለየት ያስቸግራል። ሻጮችም ሁለቱንም "ኤም 42" ብለው ይጽፏቸዋል። ሲያዞሩት መጀመሪያ እሺ ብሎ ይገባል፣ ትንሽ ሄዶ ይነክሳል። እዚህ ጋ "ትንሽ ጉልበት ብጨምር" ያለ ሰው ጥርሱን በላው ማለት ነው። ዕቃው ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ምሕረት የለውም። ሲገዙ 0.75 የሚለውን ቁጥር ይፈልጉ። ሲገጥሙ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ኋላ ያዙሩት፤ ቀጭ ሲል ጥርሶቹ ተገናኝተዋል፤ ከዚያ በሁለት ጣት ብቻ ወደ ፊት ያዙሩት። በሁለት ጣት ካልሄደ አይሄድም።

ቲ-ሪንጉ ጎን ላይ ጥቃቅን ብሎኖች አሉት። ካሜራውን ለማጋደም ሲፈለግ የሚላሉት እነሱ ናቸው። ሳይታወቅም ይላላሉ። አልፎ አልፎ በሰዓት ሠሪ ካቻቪቴ ይፈትሿቸው።

በአንድ ብሎን መታመን

ከቲ-ሪንጉ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ፎከሰሩ (ምስሉን ለማጥራት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሄደው የቴሌስኮፑ ክፍል) ውስጥ የሚሰካ፣ ጥርስ የሌለው ቱቦ ነው። ሁለት መጠን አለው፦ 1.25 ኢንች እና 2 ኢንች። ለትልቅ ካሜራ 2 ኢንቹን ይምረጡ። ጠባቡ የፎቶውን ጥግ ከማጨለሙም በላይ ክብደቱን በቅጡ አይይዝም።

ቱቦውን የሚይዘው አንድ ብሎን ከሆነ፣ ባጠበቁት ቁጥር ካሜራውን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ውጤቱ ፎቶው ላይ ይታያል፦ በአንዱ ጥግ ያሉት ኮከቦች ጥርት ያሉ፣ በሌላኛው የተጎተቱ። ሰው ሌንሱን ያማል፤ ጥፋተኛው ብሎኑ ነው። ከውስጥ የነሐስ ቀለበት ያለው መያዣ ይሻላል። የእኔ ምርጫ ግን ግልጽ ነው፤ ፎከሰሩ ጥርስ ካለው ቱቦውን ይተዉትና ካሜራውን በጥርሱ ይሰሩት።

ቱቦውን ግማሽ አውጥቶ ማሰር

ሌንስ ባላቸው ቴሌስኮፖች (ሪፍራክተር) ላይ፣ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት ሲወጣ ካሜራው ፎከስ ለማግኘት ወደ ኋላ መራቅ አለበት። ፎከሰሩ እስከ መጨረሻው ወጥቶም አልደርስ ሲል፣ ቱቦውን ጫፉ ላይ ብቻ ይዞ ማሰር የተለመደ ነው። ካሜራው እንግዲህ በጥቂት ሚሊ ሜትር ተንጠልጥሏል። መፍትሔው ማራዘሚያ ቱቦ ነው፤ ርካሽ ነው። ኒውተን የሚባለው ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ካሜራው ከሚፈቀድለት በላይ ወደ ውስጥ መግባት ይፈልጋል። እዚያ ባርሎ ሌንስ (ምስሉን የሚያጎላና ፎከሱን ወደ ውጭ የሚገፋ ሌንስ) ይረዳል።

መስክ አስተካካይ ሌንስ (የፎቶው ጠርዝ ላይ ያሉትን ኮከቦች የሚያጠራ) ከጨመሩ ደግሞ ርቀቱ በግምት አይሆንም። አብዛኞቹ ከኋላቸው እስከ ሴንሰሩ 55 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። በካነን ዲኤስኤልአር ላይ 44ቱ የካሜራው ነው፣ 11ዱ የቲ-ሪንጉ፤ ገጠመ። በመሃል አንድ ትርፍ አዳፕተር ካስገቡ ግን ሒሳቡም ይበላሻል፣ የሚላላ መጋጠሚያም ይጨምራል።

ፎከሰሩን አለመቆለፍ

ይሄ በተለይ አገር ቤት ያለነውን ይመለከታል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ኦሪዮን፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የሰማይ ክፍል፣ አናታችን አካባቢ ያልፋል። ያን ጊዜ ቴሌስኮፑ ወደ ላይ ቀጥ ይላል፣ ካሜራው ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ሙሉ ክብደቱ ፎከሰሩን ይጎትታል። ካልተቆለፈ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ፎከስ ካደረጉ በኋላ ይቆልፉ፤ ቁልፉም ፎከስ ሊያዛባ ስለሚችል ደግመው ይዩ። ካሜራው የትሪፖዱን እግር እንዳይነካም በቀን ብርሃን ይሞክሩት።

ሚዛን፣ ገመድና ማንገቻ

ሚዛን የሚሠራው ካሜራው፣ አዳፕተሩና ገመዱ ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ነው። ገመዱን ቴሌስኮፑ ላይ በቬልክሮ ይሰሩት፤ ጭነቱ የካሜራው መሰኪያ ላይ እንዳያርፍ። ማንገቻውን ያውልቁት፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

በስልክ ለሚያነሱ፦ የአይፒሱን (ዓይን የሚጠጋበትን ሌንስ) ጎማ ወደ ታች ያጥፉት፣ የስልክ መያዣው ጠንካራው ክፍል ላይ ይጥበቅ። ማንሻውን በጣት አይንኩ፤ የ3 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ አለልዎ።

የፀሐይ ማጣሪያን በቸልታ መግጠም

ነሐሴ 2 ቀን 2027 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ጅዳና መካ ሙሉው ያገኛቸዋል፤ በኢትዮጵያ ግን ከፊል ነው። ማጣሪያው የሚገባው ቴሌስኮፑ ፊት ላይ እንጂ ካሜራው አጠገብ አይደለም፤ ከኋላ የሚሰካው በሙቀት ይሰነጠቃል። ዓይንም ሴንሰርም ይጠፋል። ነፋስ እንዳይጥለው በፕላስተር ይያዝ። ጅዳ ያሉ ጨለማው ሙሉ ሲሆን ማውለቅ ስላለባቸው፣ ፕላስተሩ በአንድ እጅ፣ ቴሌስኮፑን ሳያንቀሳቅስ የሚላቀቅ ይሁን፤ አስቀድመው ይለማመዱት። አዲስ አበባ ያለን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አናወልቀውም።