ልኩ ሲበላሽ መጀመሪያ ምድጃውን አትንኩ

ከብረት ዱቄት የተሠራ ዕቃ ልኩ ሲያስቸግር ብዙ ሰው ሮጦ የሚሄደው ወደ ምድጃው ነው። ሙቀቱን አሥር ዲግሪ ከፍ፣ አሥር ዲግሪ ዝቅ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። አሁንም ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ዕቃው ምድጃ ከመግባቱ በፊት ዱቄቱን ሻጋታ ውስጥ በሚጨምቀው ማሽን፣ ፕረሱ ላይ ነዋ!

ሻጋታው ዱቄቱን መዝኖ አይቀበልም፤ የያዘለትን ያህል ይሞላል። ዱቄቱ ላላ ብሎ ከወረደ ዕቃው ይቀላል፣ ጠቅጠቅ ብሎ ከወረደ ይከብዳል። ቁመታቸው ያው ስለሆነ በዓይን አይለዩም። ልዩነቱ የሚወጣው ከምድጃ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ቡሺንግ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ስንሠራ ሦስት ቀን ሙሉ ሙቀት ስንቀያይር ከረምን። ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት ይጠባል። በመጨረሻ አንድ ጀማሪ ልጅ ምድጃ ያልገቡትን አንድ በአንድ መዘናቸው። ለካ የዱቄቱ ማጠራቀሚያ እየጎደለ ሲሄድ ክብደታቸውም አብሮ ይወርድ ኖሯል። ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል አደረግን፣ ልኩም ጸና። ስለዚህ እባካችሁ መጀመሪያ መዝኑ። ቀኑን ሙሉ እየደጋገማችሁ መዝኑ።

ሁለተኛው ስህተት፣ ሁሉም ዱቄት ምድጃ ውስጥ ይኮማተራል ብሎ ማሰብ ነው። እዚህ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። ብረቱ ላይ 2 በመቶ መዳብ ሲጨመር ዕቃው ሊያድግ ይችላል። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የተለመደው የምድጃ ሙቀት ደግሞ 1,120 አካባቢ ነው። የቀለጠው መዳብ በብረቱ ቅንጣቶች መሃል ሰርጎ ይገፋቸዋል። ድብልቁ ውስጥ የሚገባው ግራፋይት (የካርቦን ዱቄት) ይህን እድገት ይቀንሰዋል። ግራፋይቱ ከድብልቁ ተለይቶ ከቀረ ወይም የምድጃው ጋዝ ካርቦኑን ከበላው ልኩም አብሮ ይሄዳል። ይህን ሳላውቅ ያሠራሁት ሻጋታ እንደገና መሠራት ነበረበት።

ረጅም ዕቃ ላይ ጫፎቹን ብቻ ለክታችሁ አትለፉ። ከላይና ከታች ሲጫን ግፊቱ መሃል ሲደርስ ይደክማል፤ እዚያ ቦታ ዱቄቱ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ይቀርና ዕቃው ከምድጃ ወገቡ ቀጥኖ ይወጣል።

ትኩስ ዕቃ አትለኩ። 50 ሚሊሜትር ብረት በ20 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ወደ 0.012 ሚሊሜትር ይረዝማል።

«ሳይዚንግ ያስተካክለዋል» እያላችሁም አትዘናጉ፤ ሳይዚንግ ማለት ከምድጃ የወጣውን ዕቃ ልኩ እንዲስተካከል እንደገና ሻጋታ ውስጥ መጫን ነው። ሳይዚንግ ትንሽ ስህተት ያርማል እንጂ ክብደቱ የተዘበራረቀ ምርት አያድንም። ዕቃው ከምድጃው በኋላ ለብቻው በሙቀት እንዲጠነክር ከተደረገ ወዲያ ሳይዚንግ ልሥራ ማለት ደግሞ ፓንች (ዕቃውን የሚጫነውን የፕረሱን ዘንግ) መስበር ነው።