ከውርስ ጠበቃ ጋር ለሚደረግ የመጀመሪያ ቀጠሮ እንዴት ይዘጋጃሉ?

ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ጠበቃ ለማማከር ቀጠሮ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ሕጉን ባለማወቁ ነው፤ ሕጉን ማወቅ ግን የጠበቃው ሥራ ነው። ከባለጉዳዩ በቀር ማንም ሊያቀርበው የማይችለው ምን ንብረት እንዳለው፣ ንብረቱ በማን ስም እንደተመዘገበና ቤተሰቦቹ እነማን እንደሆኑ የሚያሳየውን እውነተኛ መረጃ ነው። ይህ ካልተዘጋጀ ቀጠሮው ጠበቃው ሲጠይቅ፣ ባለጉዳዩ «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» እያለ ሲመልስ ያልቃል፤ ክፍያው በሰዓት ከሆነ ደግሞ ኪሳራው የባለጉዳዩ ነው።

ዝግጅቱን ከንብረት ዝርዝር መጀመር ይሻላል። ዝርዝሩ የተዋበ መሆን የለበትም፤ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይበቃል፤ ነገር ግን «ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ገንዘብ» ብሎ ማለፍ ምንም አይጠቅምም። ለጠበቃ የሚረዳ አንድ መስመር እንዲህ ያለ ነው፦ «መኖሪያ ቤት፤ ከጋብቻ በፊት የተገዛ፤ በእኔ ስም ብቻ የተመዘገበ፤ ከጋብቻ በኋላ በጋራ ገንዘብ የታደሰ፤ የባንክ ብድር ያልተከፈለበት፤ ዋናው ሰነድ በባንኩ እጅ ያለ።» ከዚህ አንድ መስመር ጠበቃው ንብረቱ የግል ነው ወይስ የጋራ የሚለው ጥያቄ እንደሚነሳ ወዲያው ይረዳል። ዕዳም ከዝርዝሩ አይቅር፤ በተለይ ለወዳጅ ወይም ለዘመድ ብድር የተፈረመ ዋስትና ብዙዎች የሚረሱት፣ ወራሾች ግን ኋላ ላይ ሊጠየቁበት የሚችሉት ነገር ነው።

በማን ስም እንደተመዘገበ አጥብቆ ማጣራት የሚያስፈልገው ኑዛዜ በሁሉም ንብረት ላይ ስለማይሠራ ነው። በብዙ አገሮች የሕይወት መድን ገንዘብ የሚከፈለው በውሉ ላይ ተጠቃሚ ተብሎ ለተጻፈው ሰው ነው፤ አንዳንድ የጡረታ ሒሳቦችና የጋራ የባንክ ሒሳቦችም ኑዛዜውን ሳይጠብቁ በቀጥታ ለሌላ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። ከዓመታት በፊት ሥራ ሲቀጠሩ በችኮላ የተሞላ ቅጽ ላይ የተፋቱት የትዳር ጓደኛ ስም ዛሬም ሰፍሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በማስታወስ ላይ ከመተማመን ይልቅ፣ አሁን የተመዘገበው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ከመድን ድርጅቱና ከጡረታ ተቋሙ በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን ይዘው ይሂዱ።

ከንብረቱ ቀጥሎ የሚመጣው የቤተሰብ ዝርዝር ነው፤ ሰዎች በብዛት የሚሸሽጉትም እዚህ ላይ ነው። ከቀድሞ ትዳር ወይም ከትዳር ውጭ የተወለደ፣ በጉዲፈቻ ያደገ፣ እንዲሁም ልጆች ትቶ የሞተ ልጅ ሁሉ መጠቀስ አለበት። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበትና ማፈር አያስፈልግም፤ ዛሬ የተደበቀ ልጅ ነገ ክስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶችን፣ ካለም የፍቺ ውሳኔን ቅጂ ይያዙ፤ ስምዎ በፓስፖርቱና በንብረቱ ሰነድ ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ከሆነም ከወዲሁ ያመልክቱ።

ለማን ምን መተው እንደሚፈልጉ አስበው መሄድ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሐሳቡ ያለቀለት ውሳኔ ባይሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሕጉ ሊገድበው ይችላል። ለምሳሌ በፈረንሳይ ሕግ አንድ ልጅ ያለው ሰው የውርሱ ግማሽ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ሁለት ሦስተኛው፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች ያሉት ደግሞ ሦስት አራተኛው ለልጆቹ የተጠበቀ ነው። በእንግሊዝ የተናዛዡ ነጻነት ሰፊ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1837 በወጣው የኑዛዜ ሕግ መሠረት ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው በኑዛዜው የተተወለትን ስጦታ በመርህ ደረጃ ያጣል። ንብረትዎ ወይም ዜግነትዎ ከአንድ አገር በላይ የሚያያዝ ከሆነ ይህን ከሁሉም አስቀድመው ይናገሩ፤ የትኛው አገር ሕግ እንደሚሠራ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር መሠረት የለውም።

ኑዛዜውን የሚያስፈጽመው፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት የሚሆነውና እርስዎ በሕመም ምክንያት መወሰን ቢያቅትዎ በውክልና የሚሠራልዎት ሰው ማን እንደሆነም ያስቡ፤ ለእያንዳንዱም ተተኪ ይምረጡ። ሰዎቹን አስቀድሞ ማነጋገር ይገባል፤ ሳይጠየቅ የተሾመ ሞግዚት ኃላፊነቱን አልቀበልም ሊል ይችላል። ውክልና በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ስለሚያበቃ ኑዛዜን አይተካም።

በቀጠሮው ዕለት የሚወርስ ልጅ ወይም ዘመድ ቢያደርስዎት እንኳ ከጠበቃው ጋር ለብቻዎ ይነጋገሩ። ጨዋነት የጎደለው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ኑዛዜው «በተጽዕኖ የተደረገ ነው» የሚል ክርክር ቢነሳ ይህ ብቸኝነት ጥሩ መከላከያ ይሆናል። ክፍያው በሰዓት ይሁን በቁርጥ፣ ዋናው ኑዛዜ የት እንደሚቀመጥና ረቂቁን ቤት ወስደው ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። የቀድሞ ኑዛዜ ካለ ይዘው ይሂዱ እንጂ አይቅደዱት፤ መቅደድ ራሱ እንደ መሻር ሊቆጠር ይችላልና፣ አዲሱ በሥርዓቱ ተፈርሞ ጠበቃው እስኪነግርዎት ድረስ እንዳለ ይቆይ።