እግር እያበጠ ክብደት ለመቀነስ ሲነሡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መቶ ሃያ፣ መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን ሰው እግሩ ሲያብጥ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ውፍረቱ ነው፣ ቀንስ።» ምክሩ አይከፋም። ችግሩ ሚዛኑ ላይ በሚታየው ቁጥር ውስጥ ስብና ውኃ ተደባልቀው መቀመጣቸው ነው። ስብ በወራት ይቀንሳል፤ ውኃ ግን በአንድ ቀን ኪሎና ሁለት ኪሎ ሊወጣም ሊገባም ይችላል። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች የሚበዙት ሁለቱን ካለመለየት የሚመጡ ናቸው።

ከባድ ውፍረት የሚባለው የትኛው ነው ለሚል፦ ኪሎዎን በሜትር ለተለካው ቁመትዎ ያካፍሉ፣ የወጣውን እንደገና ለቁመትዎ ያካፍሉ። ውጤቱ 30 ሲደርስ ውፍረት፣ 40 ሲደርስ ከባድ ውፍረት ይባላል። ቁመቱ 1.65 ሜትር ለሆነ ሰው 40 ማለት 109 ኪሎ ገደማ ነው። እብጠት ያለበት ሰው ይህን ሲያሰላ ውኃውንም አብሮ እንደቆጠረ አይርሳ።

እብጠቱን ሁሉ በውፍረት ማሳበብ

ውፍረት በራሱ እግር ማሳበጡ እውነት ነው። የሆድ ክብደት ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይጫነዋል፤ በደም ሥሮቹ ውስጥ ያሉት መዝጊያዎች ይደክማሉ፤ ከሥጋ መካከል የተረፈውን ፈሳሽ የሚመልሱት የሊምፍ ቱቦዎችም ፈሳሹን ማንሣት ያቅታቸዋል። ነገር ግን ልብ ሲደክም፣ ኩላሊት ፕሮቲን በሽንት ሲያፈስ፣ ጉበት ሲጎዳ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስም እግር ያብጣል። ሌሊት በኃይል እያንኮራፉ ትንፋሽ የሚቆራረጥባቸው ሰዎች ደግሞ፣ ችግሩ ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ የልባቸው ቀኝ ክፍል ሊደክም ይችላል፤ የእግር እብጠት አንዱ ምልክቱ ነው። እነዚህን የሚለየው የሐኪም ምርመራ ነው፦ ሽንት፣ የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ፣ ታይሮይድ፣ እንደ አስፈላጊነቱ የልብ አልትራሳውንድ።

ቤት ውስጥም የሚታይ ነገር አለ። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ባለው አጥንት ላይ በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንዶች ይጫኑ። ጣትዎን ሲያነሡ ጉድጓድ ከቀረ ውኃ አለ። ጉድጓድ የማይቀርበት እብጠትም አለ፤ የቆየ የሊምፍ እብጠት ቆዳውን ያጠነክረዋል። በሴቶች ላይ ደግሞ ሊፒዲማ የሚባል አለ፦ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት በሁለቱም እግር እኩል የሚከማች፣ ሲነኩት የሚያም፣ የእግር መዳፍን የማይነካ ስብ ነው። ይህ በምግብ ብቻ ብዙም አይቀንስም። ፊቷና ወገቧ ቀጥኖ እግሯ ባለበት የቀረ ሴት «ደብቀሽ ትበያለሽ» መባሏ ግፍ ነው።

በእኛ አገር ሌላም የሚጨመር አለ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ ከውፍረት ጋር አብሮ ሊገኝ ይችላል። ገጠር ያደጉ እናት ከተማ ልጃቸው ቤት መጥተው፣ መራመዱ ቀርቶ ኪሎ ሲጨምሩ፣ የእግራቸው እብጠት የትኛው እንደሆነ ሳይጠየቅ ይታለፋል። የዝሆኔ ዋናው ሕክምና እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። ክብደት መቀነስ ያግዘዋል እንጂ አይተካውም።

ከሁሉ የሚዘነጋው ግን መድኃኒት ነው። ለደም ግፊት በብዛት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት በማሳበጥ የታወቀ ነው። ለጉልበት ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨውና ውኃን ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። ስቴሮይድ የሚባሉት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶንም እንዲሁ። ነገሩ ሰንሰለት ይሠራል፦ ኪሎው ጉልበት ያሳምማል፣ ለጉልበቱ ዳይክሎፌናክ ይወሰዳል፣ ዳይክሎፌናኩ እግር ያሳብጣል፣ ለእብጠቱ ውኃ የሚያስወጣ ክኒን ይጨመራል። ከዚያ ላይ ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ሦስቱ አንድ ላይ ኩላሊትን ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ። መፍትሔው መድኃኒቱን በራስ ማቆም አይደለም፤ «ይህ መድኃኒት ያሳብጣል ወይ? በሌላ ይቀየር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ላሲክስን የክብደት መቀነሻ ማድረግ

ውኃ የሚያስወጣው ክኒን ፉሮሴማይድ፣ በተለምዶ ላሲክስ፣ ብዙ ያሸናል። ማታና ጠዋት የተመዘነ ሰው ሁለት ኪሎ ወርዶ ሊያገኘው ይችላል፤ ከዚያ ለጓደኛም ይመከራል። የወጣው ግን ሁለት ሊትር ውኃ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ከስቡ ምንም አልተነካም። ከውኃው ጋር ግን ፖታሲየም ይወጣል፤ ፖታሲየም ከልክ በታች ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፤ ውኃው ሲያንስም ግፊት ወርዶ ሰው ይወድቃል።

ሆድ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ ማላብ፣ ስቲም ውስጥ መቆየት፣ በቴሌግራም የሚሸጡት «ቦርጭ አጥፊ» ሻዮችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሻዮቹ ብዙ ጊዜ ሆድ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚወጣው ሰገራና ውኃ ነው። ፍል ውኃ ገብቶ መዘፍዘፍም ለሚያብጥ እግር አይመከርም፤ ሙቀት የደም ሥሮችን አስፍቶ እብጠቱን ያባብሰዋል።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ለልብ ወይም ለኩላሊት ላሲክስ የታዘዘላቸው ሰዎች «ታክሲ ላይ ሽንት ይይዘኛል» ብለው ከቤት በሚወጡበት ቀን ይዘሉታል። የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ማዛወር ይቻላል፤ መዝለል ግን ሌላ ነገር ነው። «አብጫለሁና ውኃ አልጠጣም» ማለትም እንዲሁ፤ የሚጠጣ ውኃ የሚገደበው ሐኪም መጠኑን ነግሮ ሲያዝ ብቻ ነው።

ጨውን በጨው ዕቃ ብቻ መቁጠር

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። «እኔ ጨው አላበዛም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ምግብ ላይ የሚነሰነሰውን ነው። የእኛ ቤት ጨው ግን ከወጡ በፊት ይጀምራል። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ምጥን ሽሮው ሲፈጭ ገብቶበታል፤ ሚጥሚጣውና አዋዜውም አላቸው። ከዚያ ወጡ ሲወጣ እንደገና ይጨመራል፤ ለጣዕም ተብሎ ኩብ ከገባበት ደግሞ እሱ ራሱ የሚበዛው ጨው ነው። ዳቦም ጨው አለው። ምግብ ይፈጭልኛል ተብሎ የሚጠጣው አምቦ ውኃም ሶዲየም አለበት።

የሚሠራው ዘዴ በርበሬና ሽሮ ከመፈጨቱ በፊት መናገር ነው፦ «የእኔን ድርሻ ያለ ጨው አድርጉልኝ።» የዓመቱ በርበሬ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ጨውን ማውጣት አይቻልም። ለአንድ ሰው ተለይቶ ወጥ የማይሠራበት ቤት ከሆነ፣ ድርሻዎ ጨው ከመግባቱ በፊት በትንሽ ድስት ይውጣልዎ፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ቃሪያ ይካስዎታል። ለሁለት ሳምንት ያህል ምግቡ አልጫ ይመስላል፣ ከዚያ ምላስ ይለምዳል። «ጤናማ ጨው» እየተባለ የሚሸጠው በፖታሲየም የተሠራው ግን ለኩላሊት ሕመምተኛ፣ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን (ሌላው ውኃ የሚያስወጣ ክኒን) ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላልና ሳይጠይቁ አይግዙ።

«በጾሙ እቀንሳለሁ» ብሎ ወራትን መጠበቅ

ጾም ለነፍስ ነው፤ ለክብደት ብሎ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ጨምሮ ይወጣል። ምክንያቱ ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ድንች አልጫው እያንዳንዳቸው በዘይት ተቁላልተው በአንድ ትሪ ላይ ሲመጡ፣ ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት ብቻ ቀላል ምግብ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ሲፈታ ሳምቡሳና ፓስቲ ይጨመርበታል። ረመዳንም ላይ የሚፈጠረው ተመሳሳይ ነው፤ ቀን የተራበው ማታ በሳምቡሳና በጣፋጭ ይካካሳል።

የጾም ምግብ ዘይቱ ከተቀነሰለት ግን ለዚህ ጉዞ ከብዙዎቹ የውጭ አገር «ዳየቶች» ይሻላል ባይ ነኝ። ምስር፣ ሽንብራ፣ አተርና ባቄላ ፕሮቲንም ፋይበርም አላቸው። ሽንኩርቱን በውኃ አቁላልቶ ዘይቱን በማንኪያ ለክቶ መጨረሻ ላይ መጨመር ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የተቀረው ጉዳይ እንጀራው ነው፤ ሁለት እንጀራ የለመደ ሰው ወደ አንድ ቢወርድና ጎመኑን ቢያበዛ ጥጋቡ ብዙም አይለይም።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ግን ሰዓት አርዝሞ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱ ተወስዶ ምግቡ ሲቀር ስኳር ወርዶ ራስን ሊያስት ይችላል። የንስሐ አባቶችም ለታመመ ሰው የሚሰጡት መልስ አላቸው፤ የሚጠይቃቸው ሲጠፋ ነው።

ራስን ማስራብ

በቀን አንዴ መብላት፣ ጠዋት ሎሚና ማር፣ ማታ ፌጦ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚወርደው አብዛኛው ውኃ ነው፤ ከዚያ ከስቡ ጋር ጡንቻም መቅለጥ ይጀምራል። በፍጥነት የሚቀንስ ሰው የሐሞት ጠጠር የመያዝ ዕድሉም ይጨምራል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በቂ ነው። 130 ኪሎ የሆነ ሰው ከ7 እስከ 13 ኪሎ ብቻ ቢቀንስ እንኳ ግፊቱ፣ ስኳሩና ትንፋሹ ላይ የሚታይ ለውጥ ሊያገኝ ይችላል። ሰዉ ግን «ምነው ከሳህ፣ አሞሃል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

ከመስቀል አደባባይ ደረጃ መጀመር

ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጡትን አይቶ እዚያው መጀመር ለ130 ኪሎ ሰው ጉልበትን አሳልፎ መስጠት ነው። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀላል፤ ስለዚህ ሩጫው ይቆይ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጀምሩ፦ የእግር ጣቶችን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ የባት ጡንቻ ደሙንና ፈሳሹን ወደ ላይ እንዲገፋ ያደርገዋል። ከወንበር ያለ እጅ እገዛ መነሣትና መቀመጥ ከቻሉ እሱ ራሱ ስፖርት ነው። ከዚያ አምስት ደቂቃ እርምጃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ዋና የሚችል ሰው ገንዳ ካገኘ ከሁሉ ይሻላል፤ ውኃው ክብደቱን ይሸከምለታል።

ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ያድርጉ፤ ወንበር ላይ እግር አንጠልጥሎ ማደር ያሳብጣል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥርዎ ከሆነ ወንበር ላይ የሚያድሩት፣ ይህ የልብ ወይም የሳንባ ምልክት ሊሆን ይችላልና ለሐኪም ይንገሩ።

ያበጠን እግር ማሳሸትና በዘፈቀደ ማሰር

አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ባቱን ካመመ፣ ወጌሻ ጋ አይሂዱ። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ታሽቶ ከተነቀለ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል። ሆስፒታል በዚያው ቀን ነው፤ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ካለበት በዚያው ሰዓት። እግሩ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ብርድ ብርድ ካለዎም ኢንፌክሽን ነውና አይደር። መግቢያው ብዙ ጊዜ በጣቶች መካከል ያለ የተሰነጠቀ ቆዳ ስለሆነ በየቀኑ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ጎንበስ ብሎ መድረስ ለሚያቅተው ሰው የቤተሰብ እጅ ያስፈልጋል።

የሕክምና ስቶኪንግ፣ ማለትም እግርን አጥብቆ የሚይዘው ረጅም ካልሲ፣ ይጠቅማል፣ ግን የእግር የደም ዝውውር ከታየ በኋላ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ይለበሳል። ጉልበት ሥር ብቻ አጥብቆ ማሰር ከሥሩ ያለውን ይብሱን ያሳብጣል።

የማይችል ሚዛን ላይ መቆም

ብዙ የቤት ሚዛኖች ከ150 ኪሎ በላይ አይመዝኑም፤ አንዳንዶቹ ከዚያም ያነሰ ነው። ከሥሩ የተጻፈውን ይመልከቱ። በየቀኑ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘኑና ይጻፉት። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ውኃ ነው፤ በተለይ የልብ ድካም ካለብዎ ለሐኪምዎ ይደውሉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይግዙና በሳምንት አንዴ ወገብዎንና ባትዎን ይለኩ። ባቱ ቀንሶ ወገቡ ባለበት ከቆመ የወጣው ውኃ ነው፤ ወገቡ ከቀነሰ ስቡ መሄድ ጀምሯል።

በሻንጣ የመጣ መርፌ

ለስኳርና ለክብደት መቀነሻ የሚወጉት ኦዜምፒክና ማውንጃሮ ከአሜሪካና ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ እየመጡ ነው። መድኃኒቶቹ ይሠራሉ፤ ችግሩ አመጣጣቸውና አወሳሰዳቸው ነው። ከመከፈታቸው በፊት ፍሪጅ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ከዝቅተኛው መጠን ተጀምሮ በየወሩ ገደማ ከፍ ይላሉ፤ ቶሎ እንዲያከሳ ብሎ ከላይ መጀመር ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ ላሲክስ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ይህ በቀጥታ ኩላሊት ላይ ይደርሳል። ነፍሰ ጡር፣ ወይም በቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው አይወስዳቸውም።

ሐኪም ቤት ባዶ እጅ መሄድ

የሚውጡትን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትንም፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ግፊት ሲለኩ ደግሞ ክንድዎ ላይ የሚጠቀለለው ትልቁ እንዲሆን ይጠይቁ። ለወፍራም ክንድ ትንሹ ሲጠቀለል ግፊትን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል፤ በዚያ ቁጥር ተነሥቶ የአምሎዲፒን መጠን ይጨመራል፣ እግሩም ይብሱን ያብጣል።